ሞላ፣ ቸርኬና ጎማ

አባታችን የኤን ትሬ ሾፌር ነበር። ፊያት 682 ኤን 3 የተባለውን የጭነት መኪና በዚህ ስሙ የማያውቅ የአገራችን ሰው፣ ቢያንስ በእኔ ዕድሜ፣ ያለ አይመስለኝም። ከአዲስ አበባ አሰብ፣ ከአሰብ አዲስ አበባ ሲመላለስ ኖሮ ቤት በገባ ቁጥር ለእኔና ለታናሽ ወንድሜ ሁለት ነገር ይዞልን ይመጣ ነበር፤ ከረሜላና ቃላት። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ኮፈን፣ ፓራውልት፣ ባሌስትራ፣ ሞላ፣ አሞርዛተር፣ ቸርኬ፣ ዳዶ፣ ክሪክ። እነዚህ ሁሉ ከጣልያንኛ የመጡ መሆናቸውን ያወቅሁት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ አማርኛ፣ ያውም የአባቴ የግል አማርኛ ይመስሉኝ ነበር።

ኋላ መተዳደሪያዬ ትርጉም ሆነ። ናይሮቢ ተቀምጬ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ እመልሳለሁ፤ የፍርድ ቤት ወረቀት፣ የሐኪም ቤት ቅጽ፣ አልፎ አልፎም ነፍስ ያለው ጽሑፍ። በጥር 2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሏ ከተሰማ ወዲህ ደግሞ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና የሚያወሱ ጽሑፎች ወደ እጄ መግባት ጀመሩ። በሥራው መካከል አንድ ነገር አስተዋልሁ። የአባቴ ቃላት አንድ በአንድ እየረገፉ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ፍሪሲዮን የለውም፤ ካንዴላ የለውም፤ ማርሚታ የለውም። ካምቢዮ የምንለውም ቢሆን የሚቀያየር ማርሽ ሳይኖረው ወደፊትና ወደኋላ መምረጫ ብቻ ሆኖ ቀርቷል። ሳይነኩ የቀሩት ከሥር ያሉት ናቸው። ሞላ ያው ሞላ ነው። አሞርዛተር፣ ቸርኬና ጎማም ያው ናቸው። ሰው የፈለገውን ያህል ቢራቀቅ ከመሬት ጋር የሚገናኘው በእነዚህ ነውና።

ወንድሜ እጁን የሰደደው በእነዚሁ ላይ ነበር።

በኅዳር 2016 ዓ.ም. እሱንና እናታችንን ልጠይቅ ወደ ኮሎራዶ፣ ወደ ኦሮራ ከተማ ሄድሁ። ኦሮራ ከዴንቨር ጎን ያለች፣ ሐበሻ የበዛባት ከተማ ናት፤ እንጀራውም ቡናውም ዕድሩም አለ። ወንድሜ የቤት ኤሌክትሪክ ዝርጋታ ይሠራል። ለሥራው የገዛው መኪና ፎርድ ኤፍ 150 ላይትኒንግ የተባለው ፒክአፕ ነው። ኩባንያው መኪናውን ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2022 ሲሆን፣ ሙሉ በሙሉ በባትሪ የሚሄደውን ይህን ዓይነት ማምረት እንደሚያቆም እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2025 አስታውቋል። በዚያ ወራት ግን ወንድሜ ስለዚህ መኪና ሲያወራ የሰማው ሰው ስለ ታቦት የሚያወራ ይመስለው ነበር። ሦስት ቶን ያህል ይመዝናል፤ ሲነሣ ድምፅ የለውም። ትልቁን ባትሪ የያዘው የእሱ ዓይነት በመንግሥት መለኪያ በአንድ ቻርጅ 515 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ከፊትም ከኋላም የሚቆመው በሞላ ነው። ባሌስትራ እንኳን የለውም።

እንግዲህ ፒክአፕ ከፋብሪካ ሲወጣ አፍንጫው ትንሽ ደፋ ያለ ነው። ምክንያቱም የታወቀ ነው፤ ኋላው ሲጫን ዝቅ ስለሚል፣ ያን ጊዜ ፊትና ኋላው እኩል እንዲሆን ታስቦ ነው። ባዶውን የቆመ ፒክአፕ ግን ለአንዳንድ ዓይን አንገቱን የደፋ ሰው ይመስላል፤ ለወንድሜም እንዲያ መሰለው። ስለዚህ ከፊት አሞርዛተሮች አናት ላይ ባለ 5 ሴንቲ ሜትር የብረት ማስነሻ ሊያስገባ፣ ቸርኬዎቹን ወደ ውጭ ወጣ በሚሉ ጥቋቁሮች ሊለውጥ፣ በነበሩት ጎማዎች ፈንታም ጥርሳቸው የፈጠጠ ትልልቅ ጎማዎች ሊያስገጥም ቆርጦ ነበር። ከሁሉ የከፋው፣ ያን ጊዜ ግን ማንም ልብ ያላለው፣ በጎኑ ያለውን መወጣጫ ማስነቀሉ ነው። መወጣጫ የሽማግሌ ነው አለ።

እውነቱን ለመናገር እኔም አልተቃወምሁም። ናይሮቢ የሚኖር ሰው ከፍ ያለ መኪና ማየት አያስገርመውም። በማሳይ ማራ ጭቃ ውስጥ የሚውሉትን ላንድክሩዘሮች ማን ያላየ አለ? ኦፒባስ የተባለው፣ እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ሮም በሚል ስም የሚታወቀው የኬንያ ድርጅት ከእነዚህ የሳፋሪ መኪኖች አንዳንዶቹን ናፍጣ ሞተራቸውን አውጥቶ በባትሪ እንዲሄዱ አድርጓል። ቁመታቸው ግን ያው ነው፤ ድንጋዩና ወንዙ ያመጣው ቁመት ነውና። የወንድሜ መንገድ አስፋልት ነው። ቢበዛ ተራራ ላይ ከሚሠራ ቤት ደጃፍ ያለ ጠጠር ነው።

ጋራዡ ዘንድ አብሬው ሄድሁ። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሠራተኛው አንድ ገጽ ወረቀት ሰጠን፤ ስድስት መስመር ነገር የተጻፈበት፣ ከታች ፊርማ የሚጠይቅ። ወንድሜ ወረቀቱን ለእኔ አቀብሎ፣ «እታለም፣ አንቺ ነሽ በቃላት እንጀራ የምትበዪው፤ እስኪ እይው» አለኝ። አየሁት። አየሁት እንጂ አላነበብሁትም። በሥራዬ እንዲህ ያለውን ወረቀት ሺህ ጊዜ ተርጉሜአለሁ፤ ከሐኪም ቤት ቅጽ ላይ አንድ «ወይም» እንዳትጎድል ሌሊቱን የተቀመጥሁበት ጊዜ አለ። ያን ቀን ግን ሙያዬን ቤት ትቼ መጥቼ ነበር መሰለኝ። «የተለመደው ነው፤ ፈርም» አልሁት። ፈረመ።

ማታ እናታችን በረንዳ ላይ ሆና መኪናውን እያየች «ምን አድርጎት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አንገቱን ትንሽ ቀና አድርጎት ነው እማዬ።»

ሳቀች። «ቀና ያድርገው!» ብላ መረቀችው።

ከዚያ ወዲህ በነበሩት ሁለት እሑዶች እናታችን ቤተ ክርስቲያን አልሄደችም። የመጀመሪያውን ቀን ብርዱን፣ ሁለተኛውን ቀን ጉልበቷን ምክንያት አደረገች። ወንድሜ አንዲት በርጩማ ገዝቶ ነበርና በእሷ ላይ ቆማ እንድትወጣ ሲያባብላት ሰማሁ። በጎረቤት ፊት በርጩማ ላይ ወጥታ፣ ከኋላ ልጇ ገፍቷት መኪና መግባቱ ምን ያህል እንደከበዳት የገባኝ አይመስለኝም። ዘወትር ከፊት መቀመጥ የለመደች ሴት ናት። የበሩ ደፍ ወደ 7 ሴንቲ ሜትር ነው የጨመረው። ለእኔ ምንም አይደለም፤ መወጣጫው ለተነቀለባት፣ ጉልበቷ ለማይታጠፍላት የሰባ አራት ዓመት ሴት ግን ግድግዳ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት መርዶ መጣ። የእናታችን ባልንጀራ፣ በአዲስ አበባ አርባ ዓመት አጥር ለአጥር የኖሩ፣ እሳት የተጫጫሩ፣ ክርስትና የተነሣሡ ሴት፣ ልጃቸው ዘንድ ግራንድ ጀንክሽን ከተማ ዐረፉ። ቀብሩ በማግሥቱ ሰባት ሰዓት ላይ ነው ተባለ። መንገዱ ከኦሮራ ወደ ምዕራብ 410 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የሮኪ ተራሮችን አቋርጦ የሚሄድ። ወንድሜ ሌሊቱን ባትሪውን ሞልቶ አደረ። ጧት ስክሪኑ 480 ኪሎ ሜትር ይቀራል የሚል ግምት አሳየ። «ሰባ ይተርፈናል» አለ። ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣን። እናታችን በበርጩማዋ ወጥታ ከፊት ተቀመጠች፤ በርጩማዋ ግን ደጃፍ ላይ ተረስታ ቀረች።

መንገዱ ይወጣል። ዴንቨር ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ነው፤ አይዘንሃወር የተባለው ዋሻ 3,400 ሜትር። ሦስት ቶን መኪና ከነሰዎቹ ይህን ያህል ወደ ላይ መሸከም በራሱ ባትሪ ይበላል። ሲወርድ ጥቂቱን መልሶ ይሞላል እንጂ ሁሉን አይመልስም። ዋሻው ጋ ስንደርስ ባትሪው ከግማሽ እምብዛም አልዘለለም ነበር። ወንድሜ ዝም አለ። ውጭው ከዜሮ በታች ነው። ጥቂት ቆይቶ ማሞቂያውን ቀነሰው፤ ቬይል የተባለውን ሁለተኛውን ዳገት ስንጀምር አጠፋው። እናታችን ጋቢዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናነበች። አልጠየቀችም።

ግሌንዉድ ስፕሪንግስ ስንደርስ 23 በመቶ ቀረ። ከዚያ እስከ ግራንድ ጀንክሽን 140 ኪሎ ሜትር ያህል አለ፤ ስክሪኑም እንደማንደርስ አመነ። ቻርጅ ማድረጊያ ፈልገን አገኘን። ከሁለቱ አንዱ ተበላሽቷል፤ በሌላው ላይ ሌላ መኪና ተሰክቷል። ተራ ጠበቅን። ተራችን ሲደርስ ደግሞ ባትሪው ስለቀዘቀዘ አሞላሉ ዘገየ። አንድ ሰዓት ወረፋ፣ አንድ ሰዓት ሊሞላ ትንሽ የቀረው ቻርጅ። ከመንገዱ ማዶ ቡና ቤት ነበርና እናታችንን «ውረጂና ሙቂ» አልኋት።

«እዚሁ ይሻለኛል።»

«ውኃ እንኳ ጠጪ» ብዬ ብርጭቆ ይዤላት መጣሁ። በእጇ ገፋችው። ከጧት ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም ነበር። ለምን ብዬ ነገር ሳበዛባት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ከጠጣሁ መውረድ አለ፤ ከወረድሁ መውጣት አለ» አለችኝ። ወንድሜ ቻርጅ ማድረጊያው ጎን ቆሞ ቁጥሩን ያይ ነበር። አልሰማም፤ እኔም አልነገርሁትም።

ከቀብሩ ሥፍራ ስንደርስ ስምንት ሰዓት አልፏል። መኪኖች እየወጡ ነበር፤ እኛ ብቻ እየገባን። ወንድሜ በሩን ከፍቶ በርጩማዋን ፈለገ፤ የለችም። ያን ጊዜ እናታችንን እንደ ሕፃን በሁለት እጁ አቅፎ አወረዳት። ነጠላዋን አስተካከለች፣ የልጇን እጅ በመዳፏ ጠፍ አደረገች፣ ወደ ትኩሱ አፈር ሄደች። ብዙ አላለቀሰችም። ለባልንጀራዋ ምን እንዳለቻቸው አልሰማሁም፤ ረዥም ነገር ነበር።

ለቅሶ ቤት ስንገባ የሟች ልጅ «ምነው እማማ፣ ዘገያችሁ» ብላ ተጠመጠመችባት። እናታችን «መንገዱ ነው ልጄ፣ መንገዱ» አለች። ወንድሜ ጫማውን ያይ ነበር።

ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ወደ ግቢ ወጣሁ። ወንድሜ ከመኪናው ጎን ቆሞ ከመሬት እስከ በሩ ደፍ በስንዝር ይለካል። «አባዬ እኮ ከነሌሊት ልብሳችን ኤን ትሬ ላይ ያወጣን ነበር። ከዚያ ላይ ሆኜ ሰፈሩን ሁሉ አይ ነበር» አለኝ። አስታውሳለሁ። ብብቴን በትልልቅ እጆቹ ይዞ አንሥቶ ጋቢናው ውስጥ ሲያስቀምጠኝ የናፍጣው ሽታ፣ የመሪው ስፋት ሁሉ አልጠፋኝም። «እሱ እኛን ነበር የሚያነሣው» አልሁት። ሌላ የምለው አልነበረኝም። ሁለታችንም ብርድ እስኪያንቀጠቅጠን እዚያው ቆምን።

ኦሮራ ስንመለስ ያን ወረቀት ፈልጌ አነበብሁት፤ ዘግይቼ። ሁሉም ተጽፎ ነበር። አንደኛው መስመር በአንድ ቻርጅ የሚኬደው ርቀት ሊቀንስ እንደሚችል ይናገራል። ሁለተኛው፣ የአዲሱ ጎማ መጠን በመኪናው ኮምፒውተር ካልተመዘገበ ፍጥነትና ርቀት አሳሳች እንደሚሆኑ። ሦስተኛው፣ መሥመር የሚጠብቀው ካሜራና ራዳር ዳግመኛ መስተካከል እንዳለባቸው። አራተኛው ስለ አላይመንት፣ አምስተኛው ስለ ዋስትና፣ ስድስተኛው ስለ ዳዶ ነው።

ቁጭ ብለን ሂሳቡን ሠራነው፤ አንባቢም ሊሠራው ይችላል። በጎማ ጎን ላይ የሚጻፈው ቁጥር ምሥጢር የለውም። የቀድሞው 275/65 R18 ነበር። ስፋቱ 275 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ከፍታ የስፋቱ 65 በመቶ፣ ቸርኬው 18 ኢንች ማለት ነው፤ ሲደመር የጎማው ቁመት 815 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። አዲሱ 295/70 R18 ሲሆን ቁመቱ 870 ነው። ልዩነቱ 7 በመቶ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የጎማውን የዙር ብዛት ስለሆነ፣ ትልቁ ጎማ በአንድ ዙር የበለጠ መሬት ሲሄድ እሱ በአሮጌው ልክ ይቆጥራል። ስለዚህ ወንድሜ በሰዓት 113 ኪሎ ሜትር ላይ አድርጌአለሁ ሲል መኪናው በ120 ይበር ነበር። የነፋስ ተቃውሞ በፍጥነቱ ልክ አይጨምርም፤ በፍጥነቱ ካሬ ልክ ነው። 7 በመቶ ፍጥነት 14 በመቶ ያህል ተቃውሞ ያመጣል፤ ይህ መኪናው ከፍ በማለቱ ከሥሩ የሚገባው ተጨማሪ ነፋስ ሳይቆጠር ነው። የፈጠጡት ጥርሶች አስፋልቱን እየነከሱ የሚበሉት አለ። ጎማዎቹን በሚዛን ስናያቸውም እያንዳንዱ ከአሮጌው 9 ኪሎ ያህል ይበልጣል። ከሞላ በታች ያለ ክብደት ደግሞ ከላይ ካለው ይከፋል፤ ሞላው ሊያባብለው የማይችል፣ ከነጉድጓዱ የሚዘል ክብደት ነውና።

አንድ የሚያስቅ ነገርም አገኘን። ርቀት ቆጣሪው የዋሸው ለእኛ ደግ ሆኖ ነው፤ ከተጓዝነው አሳንሶ ነበር የሚቆጥረው። የጎዳን የጧቱ 480 ነው። ስክሪኑ ያን ቁጥር የገመተው መኪናው በሁለት ሳምንት ውስጥ በከተማ፣ በዝግታ፣ ከመብራት ወደ መብራት ሲሄድ ካየው ተነሥቶ ነው። በዝግታ ለሚሄድ መኪና ነፋስ ምንም አይደለም። ተራራውን፣ ብርዱንና 120ውን ከየት ይወቀው?

ለነገሩ በዚያው አገር ሪቪያን የተባለ የኤሌክትሪክ ፒክአፕ አለ፤ በሞላ ፈንታ በአየር ከረጢት ላይ ስለሚቆም በአዝራር ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሰው እንዲገባበት ጎንበስ የሚልበትም ሥርዓት አለው። ወንድሜ ስነግረው «እሱማ የሀብታም እናት ነው» ብሎ ዘጋኝ።

እኔ ወደ ናይሮቢ ከተመለስሁ በኋላ አሮጌዎቹን ጎማዎች ከነቸርኬያቸው ከጋራዥ ጓዳ አውጥቶ ሊያስገጥም፣ መወጣጫውንም ሊያስመልስ ወሰነ። የፊቱን ማስነሻ ግን ሊተወው ነው፤ እኔም አልተከራከርሁም። ጋራዡ እንደገና አንድ ወረቀት ሰጠው። ፎቶ አንሥቶ ላከልኝና ደወለ።

«ፈርሜ ልግባ ወይስ ታነቢልኛለሽ?» አለኝ። እሱ እኮ በዚያ አገር አሥራ ስድስት ዓመት ኖሯል፤ እንግሊዝኛው ከእኔ ቢብስ እንጂ አያንስም።

«ቆይ» አልሁት። ከጠረጴዛዬ ላይ የነበረውን የሰው ሥራ ገፋ አድርጌ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች በአማርኛ ጻፍሁለት፤ አንድም መስመር ሳልዘል፣ በአባታችን ቃላት። አርባ ደቂቃ ያህል ፈጀ። ሠራተኛው በዚህ ሁሉ ጊዜ ምን እንዳለው አላውቅም፤ ወንድሜ ግን ስልኩን አልዘጋውም።

የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፤ ቸርኬው ከታሰረ በኋላ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ሲነዳ ዳዶዎቹ እንደገና መጥበቅ አለባቸው። በሦስተኛው ቀን ደወልሁና «ዳዶውን አጠበቅህ?» አልሁት።

«ዛሬ ጠዋት፣ እማዬን ቤተ ክርስቲያን አድርሼ ስመለስ» አለኝ።